እስያ የገባበት የፈረንሳይ ቢስትሮ፦ ከቀጠሮ እስከ ሒሳብ

«ፓሪስ ውስጥ የፈረንሳይ ምግብ ቤት ልጋብዝህ» ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ ድቅን የሚለው ነጭ የጠረጴዛ ጨርቅ፣ ግራና ቀኝ የተደረደረ ሹካና ከላይ እስከ ታች የሚገላምጥ አስተናጋጅ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቤት ዛሬም አለ። እኔ ግን ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ የምወስደው ሌላ ቦታ ነው። ጠረጴዛው ጨርቅ የለውም፣ አስተናጋጇ ስኒከር ተጫምታለች፣ ሼፉ ሲያበስል ፊት ለፊት ይታያል። ሳህኑ ላይ የሚመጣው ደግሞ አሠራሩ የፈረንሳይ፣ ሽታው ግን የሃኖይ፣ የባንኮክ ወይም የኪዮቶ ነው፤ ዳክዬ ከሚሶ (ከተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ) ጋር፣ ዓሣ በጠጅ ሣር መረቅ፣ ክሬም ካራሜል ከዝንጅብል ጋር።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ነው፤ በተለይ ለሚጾም፣ አሳማ ለማይበላና አልኮል ለማይነካ። እንዲህ ባለ ቤት ሹካ አያያዝ ማንንም አያስጨንቅም። የሚያስቸግረው ሳይታይ ሳህኑ ውስጥ የገባው ነገር ነው። ስለዚህ 3ኛው ደረጃ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እንለፈው።

1. ቤቱን መምረጥ

ቢስትሮ ማለት ትንሽ፣ ተራ ምግብ ቤት ነው፤ ፈረንሳዮች እንዲህ ያለውን ደግሞ «ኔዮ ቢስትሮ» (አዲሱ ቢስትሮ) ይሉታል። (ከዚህ በታች ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኢቭ ካምደቦርድ የተባለ ሼፍ በ1992 ከትልልቅ ሆቴሎች ማዕድ ቤት ወጥቶ ከመሀል ከተማ ራቅ ባለ ሰፈር «ላ ሬጋላድ» የተባለች ትንሽ ቢስትሮ ከፈተ። የቅንጦት ቤት ሙያ በተራ ጠረጴዛ ላይ፣ በተራ ሰው ዋጋ የሚለው መንገድ በእሱና በጓደኞቹ ተጠረገ።

እስያ የገባችው በብዙ በር ነው። ቬትናም ለብዙ አሥርት ዓመታት የፈረንሳይ ቅኝ ስለነበረች ፓሪስ ውስጥ የቬትናም ሾርባ እንግዳ ነገር አይደለም። ከጃፓን ጋር ያለው ደግሞ የባለሙያ ለባለሙያ ወዳጅነት ነው። በ1960 ኦሳካ ውስጥ የምግብ ሥራ ትምህርት ቤት የከፈተው ሺዙኦ ጹጂ እንደ ፖል ቦኩዝ ካሉ ታላላቅ የፈረንሳይ ሼፎች ጋር ወዳጅ ነበር፤ የጃፓን ወጣቶች ሙያ ፍለጋ ወደ ፈረንሳይ ሲመጡ፣ የፈረንሳይ ሼፎች ደግሞ ከጃፓን ትንሽ ሳህን፣ ቀላል መረቅና አነስ ያለ ክሬም ይዘው ተመለሱ። ዊልያም ለደይ በ2001 ፓሪስ ላይ «ዘ ኪችን ጋለሪ»ን ሲከፍት ጋላንጋ የተባለ ቅመምና ጠጅ ሣር በፈረንሳይ መረቅ ውስጥ ገቡ። አደሊን ግራታር ሆንግ ኮንግ ሠርታ ተመልሳ በ2009 «ያምቻ»ን ከፈተች፤ እዚያ በወይን ጠጅ ፋንታ የቻይና ሻይ ከምግቡ ጋር እየተመረጠ ይቀርብ ነበር። በ2020 ደግሞ ከይ ኮባያሺ ፈረንሳይ ውስጥ ሚሽላን የተባለው የምግብ ቤቶች መመሪያ መጽሐፍ የሚሰጠውን ከፍተኛ ደረጃ፣ ሦስት ኮከብ ያገኘ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሆነ። የእሱ ቤት ዘና ያለ ከሚባለው ጎራ አይደለም፤ ለዚህ መመሪያ የሚሆኑን ከሱ በታች ያሉት፣ ሠላሳ አርባ ሰው የሚይዙት ትንንሾቹ ናቸው።

ስትመርጡ መጀመሪያ የምግብ ዝርዝሩን በድረ ገጻቸው ላይ እዩ። አጭር ከሆነ ጥሩ ነው፤ አራት አምስት ጀማሪ፣ አራት አምስት ዋና ምግብ፣ ሦስት ጣፋጭ። ሱሺ፣ ፓድ ታይ፣ በርገርና የሽንኩርት ሾርባ በአንድ ገጽ ላይ ካያችሁ ዝለሉት፤ አምስት አገር በአንድ ማዕድ ቤት የሚያበስል ሰው አላየሁም፣ ማቀዝቀዣ ከፍቶ የሚያሞቅ ግን አይቻለሁ። የሚሽላን መጽሐፍ «ቢብ ጉርማን» የሚል ምልክት የሚሰጣቸው ቤቶች ከኮከቦቹ ይልቅ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ይጠቅማሉ፤ ትርጉሙ በመጠነኛ ዋጋ ጥሩ ምግብ ነው። ሌላው ምልክት «ፌ ሜዞን» የሚለው ነው፤ ጣሪያ እንደ ክዳን የተደፋበት የድስት ሥዕል። እዚያው ቤት ውስጥ ከጥሬው ጀምሮ የተሠራ ማለት ነው።

በጀት ለሚያስብ ሰው አንድ ምክር ብቻ፦ በምሳ ሂዱ። ሼፉ ያው፣ ወንበሩ ያው፣ ዋጋው ግን ብዙ ቦታ ከእራቱ በጣም ያንሳል።

2. ቀጠሮ መያዝ

ሳይያዝ መሄድ በረንዳ ላይ ቆሞ ሌላው ሲበላ ማየት ነው። በድረ ገጽ ወይም በስልክ ያዙ። ስልክ ከሆነ ከምሳ በፊት ረፋዱ ላይ ወይም ከምሳ በኋላ ደውሉ፤ ሰው ሞልቶ እየተራወጡ የሚያነሱት ስልክ የሚጠቅም መልስ አይሰጥም። ብዙዎቹ እሑድና ሰኞ ይዘጋሉ፤ ነሐሴ አካባቢ ደግሞ በእረፍት የሚጠፉ አሉ።

የሰዓት ነገር። ፈረንሳይ በ24 ሰዓት ነው የምትቆጥረው። «ቫን ተር» (ሃያ ሰዓት) ሲሉ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ካላችሁ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉለት። «ስምንት ሰዓት ላይ ነው» ተብሎ ለእራት የተቀጠረ ሰው በጠራራ ፀሐይ በር ሲያንኳኳ አይቻለሁ። ምሳ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ግድም፣ እራት ከምሽቱ 1፡30 ጀምሮ ነው። በመሀል ማዕድ ቤቱ ዝግ ነው፤ መለመን አይጠቅምም።

አንዳንዱ ቤት ሲያስይዙ የባንክ ካርድ ቁጥር ይጠይቃል። ገንዘቡ ያኔ አይቆረጥም፤ ሳትሰርዙ ከቀራችሁ ግን በሰው ይቆርጣሉ። መሰረዣው 24 ወይም 48 ሰዓት አስቀድሞ ስለሆነ ሲያስይዙ አንብቡት። የአበሻ ቀጠሮ እዚህ አይሠራም። አሥር ደቂቃ ከዘገያችሁ ደውሉ፣ ከሩብ ሰዓት በላይ ከሆነ ጠረጴዛው ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ሠላሳ ወንበር ያለው ቤት አራት ወንበር ባዶ ሲያድርበት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

3. የማትበሉትን አስቀድሞ መናገር

ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። በዓቢይ ጾም አክስቴ ከአዲስ አበባ መጡብኝ። ቀጠሮ ስይዝ «ቬጀቴሪያን ናቸው» ብዬ ነበር፤ በቂ መስሎኝ። ሁለተኛው ሳህን ቀረበ። ለሁለት የተሰነጠቀ ደብርጃን፣ ሚሶ ተቀብቶ በምድጃ ተጠብሶ ቡናማ ሆኗል። ላዩ ላይ አናጢ በመላጊያ የላገው የሚመስል፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ፍቅፋቂ ተነስንሶበታል። ደብርጃኑ ትኩስ ስለሆነ እንፋሎቱ ፍቅፋቂውን ያንቀሳቅሰዋል፤ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይወዛወዛል። አክስቴ ሹካቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ነፍስ አለው እንዴ?»

«የለውም እትዬ፣ እንፋሎቱ ነው።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

አስተናጋጇን ጠየቅናት። ታጥኖና ደርቆ እንደ እንጨት የጠነከረ ዓሣ ነው፣ በመላጊያ የሚላግ፤ ጃፓኖች ካትሱኦቡሺ ይሉታል አለችን። አክስቴ በጾም ዓሣም አይነኩም። ሳህኑን በቀስታ ወደኔ ገፋ አደረጉና «እንግዲህ ለአንተው ይጨፍርልህ» አሉኝ። ያን ምሽት እራታቸው ዳቦ ሆነ።

ማዕድ ቤቱ መጠንቀቅ ነበረበት፤ ዋናው ጥፋት ግን የኔ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ «ቬጀቴሪያን» ማለት ሥጋና ዓሣ የማይበላ፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል ግን የሚበላ ነው። የእኛን ጾም የሚገልጸው ቃል «ቬጋን» ነው። እሱም ብቻውን አይበቃም፤ ዘርዝሩት። ሲያስይዙ በማስታወሻው ቦታ ወይም በስልክ እንዲህ በሉ፦ «ፓ ደ ቪያንድ፣ ፓ ደ ፗሶን፣ ፓ ደ ሌ፣ ፓ ደ በር፣ ፓ ደፍ»፤ ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። ጨምራችሁ «መረቁም ቢሆን» በሉ። ችግሩ ሁሉ ያለው መረቁ ላይ ነውና።

የጃፓን መረቅ «ዳሺ» አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር አረምና ከዚያው ከሚላገው ዓሣ ነው የሚወጣው። የሚሶ ሾርባ ስሙ አኩሪ አተር ቢሆንም ውሃው ዳሺ ነው። የቬትናምና የታይላንድ ምግብ ጨው የሚያገኘው ቬትናሞች «ኑክ ማም» ከሚሉት የዓሣ ፈሳሽ ነው፤ የአትክልት ሰላጣ ውስጥ ሁለት ጠብታ ገብቶ በዓይን አይታይም። እንጉዳይ ከባሕር ዛጎል እንስሳ በሚሠራ «ኦይስተር ሶስ» ይጠበሳል። ይህን ሁሉ አልፎ አትክልቱ ንጹሕ ሆኖ ቢመጣ፣ ፈረንሳዩ ሼፍ መጨረሻ ላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ ጣል ያደርግበታል፤ ልማዱ ነው፣ ክፋት የለውም። በዓይን ከማየት ይልቅ አስቀድሞ መናገር የሚሻለው ለዚህ ነው። ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ቢነግሯቸው መረቁ ጠዋት ተጥዶ አልቋል፤ ሁለት ቀን ቀድሞ የሰማ ሼፍ ግን በኮኮናት ወተት፣ ከአኩሪ አተር በሚሠራ ቶፉና በእንጉዳይ ግሩም ነገር ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ለአክስቴ እንዲህ አድርጌ ሦስት ጊዜ ጋብዣቸዋለሁ፤ አንድም አልተሳሳቱም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቃትን ዘዴ ልንገራችሁ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ማንኛውም ምግብ ቤት አለርጂ የሚያስነሱ 14 ነገሮች በየትኛው ምግብ ውስጥ እንዳሉ ማሳወቅ አለበት፤ ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ በጽሑፍ ነው። «ላ ሊስት ዴ ዛሌርዤን» በሉ፣ ወረቀት ወይም ደብተር ያመጡላችኋል። አለርጂ ባይኖርባችሁም መጠየቅ መብታችሁ ነው። የሚጾም ሰው ከ14ቱ አምስቱን ይይ፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ «ክሩስታሴ» (ሽሪምፕና ሸርጣን) እና «ሞሉስክ» (ኦይስተር፣ ስኩዊድ፣ ቀንድ አውጣ)። አምስቱም ከሌሉበት የሚቀረው ጥያቄ «ሥጋ፣ ወይም የዶሮና የሥጋ መረቅ አለበት?» የሚለው ነው።

ይህ ወረቀት የማይነግራችሁ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ፤ አሳማና አልኮል። ሁለቱም ከ14ቱ ውስጥ የሉም። አሳማን በቃል ጠይቁ፦ «ኢል ያ ዱ ፖር?» ይሏል፣ አሳማ አለበት? «ላርዶን» የሚል ካያችሁ የአሳማ ሥጋ ክትክት ነው፤ ምስር ውስጥ፣ ሰላጣ ላይ፣ እንቁላል ላይ ይገባል። ግዮዛና ዲምሰም የሚባሉት የተጠቀለሉ ሊጦች ሥጋቸው አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው፤ ሽሪምፕ የተባለው ውስጥም ተቀላቅሎ ይገኛል። ጣፋጩም ላይ ተጠንቀቁ፤ ፓና ኮታና አንዳንድ ሙስ የሚረጋው በጄላቲን ነው፣ ጄላቲኑ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ በብዛት ከአሳማ ቆዳ ይወጣል።

አልኮል ደግሞ ከመጠጡ ይልቅ ስጎው ውስጥ ይደበቃል። የፈረንሳይ ስጎ በወይን ጠጅ ይጀመራል፣ የጃፓኑ በሳኬ (የሩዝ ጠጅ) እና ሚሪን በሚባል ጣፋጭ የሩዝ ጠጅ። «ሲፈላ ይጠፋል» ይሏችኋል፤ ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ለሚጠነቀቅ ሰው «ሳን ዛልኮል፣ ሜም ዳን ላ ሶስ» (አልኮል የለበት፣ ስጎውም ውስጥ) ማለት ነው። ሐላል የሚፈልግ እንግዳ ካለ ሥጋውን ትቶ ዓሣ ወይም አትክልት ይዘዝ፤ እነዚህ ቤቶች ሐላል መሆናቸውን ካልጻፉ አይደሉም።

ጥንቸል («ላፓን») እና ቀንድ አውጣ («ኤስካርጎ») ስማቸው በግልጽ ስለሚጻፍ አያታልሉም። የምታውቁትን ቃል ይዛችሁ ሂዱ፣ ይበቃል።

4. በሩ ላይ

ገብታችሁ ባዶ ወንበር ፈልጋችሁ አትቀመጡ። በሩ አጠገብ ቁሙና «ቦንዡር» በሉ፤ ከመሸ «ቦንስዋር»። ይህች ቃል እዚህ አገር እንደ እኛ «ጤና ይስጥልኝ» ናት፤ ሳይሏት ወደ ጉዳይ የገባ ሰው ባለጌ ነው። ፈረንሳይ ላይ ያኮረፈ አስተናጋጅ ገጠመኝ ካለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቦንዡር ብለህ ነበር?» ነው። አስተናጋጁን ለመጥራት «ጋርሶን» አይባልም፣ አይጨበጨብም፤ ዓይን ለዓይን ተያይቶ «ሲል ቩ ፕሌ» ይበቃል። አለባበስ ንጹሕ ከሆነ ጂንስም ይሆናል።

5. ዝርዝሩን ማንበብ

የመጀመሪያው ወጥመድ ቃላቱ ናቸው። «ላ ካርት» የምግቡ ዝርዝር ነው። «ሜኑ» ደግሞ እኛ የምንለው ዝርዝር ሳይሆን በአንድ ዋጋ የተቆረጠ ሙሉ ገበታ ነው፤ ስለዚህ «ሜኑ አምጡልኝ» ካላችሁ ያልፈለጋችሁት አምስት ሳህን ሊመጣ ይችላል። «ፎርሙል» የምሳው ቅናሽ ነው፦ ጀማሪና ዋና፣ ወይም ዋናና ጣፋጭ። ከአሜሪካ ለሚመጡ ዘመዶቻችን ደግሞ፦ «አንትሬ» እዚህ ጀማሪ ነው፣ ዋናው «ፕላ» ይባላል። ከዋሽንግተን የመጣ የአጎቴ ልጅ አንትሬ ብቻ አዝዞ ሦስት ቅጠልና አንድ ቁራጭ ዓሣ ፊት ቁጭ ብሎ ዋናውን ሲጠብቅ ነበር።

ከዚያ የእስያው ቃል ይመጣል። እዚህ ጋ እኛ ከፈረንሳዩ ይልቅ እንቀርባለን። «ሲትሮኔል» የሚለው ጠጅ ሣር ነው፤ በበዓል ከቄጠማው ጋር የሚነሰነሰው፣ ሻይ ውስጥ የሚገባው ራሱ። የመጀመሪያ ቀን ትኩስ መረቅ ቀርቦልኝ አፍንጫዬን ስጠጋው ምግቡ ፈጽሞ ጠፍቶብኝ የእናቴ ሳሎን ወለል መጣብኝ። «ጋላንጋ» የዝንጅብል ዘመድ ነው፣ ሽታው ግን ወደ ጥድ ያደላል። የታይላንድ ባዚሊክ የበሶብላ ወገን ነው። «ኮሪያንድር» ሲሉ ብዙውን ጊዜ የድንብላሉን ቅጠል ነው፣ ፍሬውን አይደለም። «ሴዛም» ሰሊጥ። «ዩዙ» ሽታው ብርቱካንና ሎሚ የተቀላቀለበት የጃፓን ሎሚ። «ሺሶ» ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነ የናና ወገን ቅጠል። «ዋሳቢ» ደግሞ በርበሬ አይደለም፤ ልክ እንደ ሰናፍጭ በአፍንጫ ሽቅብ የሚወጣ ነው፤ ዝምድናም አላቸው። «ፖይቭር ደ ሴቹዋን» ካያችሁ ምላስ ያደነዝዛል፤ የተመረዛችሁ እንዳይመስላችሁ።

የሚያቃጥል የምትጠብቁ ከሆነ ግን አትጠብቁ። እነዚህ ሼፎች የእስያን ሽታ ወስደው ማቃጠሉን እዚያው ትተውታል። በቦርሳ ሚጥሚጣ ይዞ የሚመጣ ወዳጅ አለኝ፤ ቢያንስ ሁለት ጉርሻ ሳይቀምስ እንዳያወጣው አስምየዋለሁ።

6. መጠጥ

ውሃ ሲጠይቁ «ዩን ካራፍ ዶ፣ ሲል ቩ ፕሌ» በሉ። የቧንቧ ውሃ በማሰሮ ይመጣል፣ ነጻ ነው፣ ንጹሕም ነው፤ ዳቦውም ነጻ ነው። ዝም ብለው «ውሃ» ካሉ የጠርሙሱ መጥቶ ሒሳቡ ላይ ይጻፋል። ከ2022 ጀምሮ ምግብ ቤቶች ነጻ ውሃ መጠየቅ እንደሚቻል በዝርዝራቸው ወይም በሚታይ ማስታወቂያ ላይ እንዲጽፉ ሕጉ ያስገድዳቸዋል።

ወይን የሚጠጣ ሰው ለዚህ ምግብ ከባዱን ቀይ ትቶ የአልዛስ «ሪስሊንግ» ወይም የሉዋር «ሸናን» የሚባሉትን ነጭ ወይኖች ቢይዝ ይሻለዋል፤ ጨዋማ መረቅና ዝንጅብል ከቀይ ወይን ጋር ይጣላሉ። ብርጭቆው ባብዛኛው 12 ሳንቲሊትር ነው። ሳኬ መቅመስም ይቻላል፤ ፓሪስ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ የፈረንሳይ ወይን ባለሙያዎች ዳኛ የሚሆኑበት «ኩራ ማስተር» የሚባል የሳኬ ውድድር አለ፣ የቤቶቹም ዝርዝር እያደገ መጥቷል። አልኮል የማይጠጣ ሰው ሻይ ከምግቡ ጋር እንዲመርጡለት ይጠይቅ። ለስላሳ መጠጥ አትዘዙ ማለት መብቴ አይደለም፤ ኮካ ኮላና የዳሺ መረቅ አንድ ላይ ግን... ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

7. ማዘዝ

ሥጋ ካዘዛችሁ አበሳሰሉን ይጠይቃሉ። «ብሉ» ጥሬ ነው ማለት ይቻላል፣ ውጪው ብቻ እሳት ነክቶታል። «ሴኛን» ለብለብ። «አ ፗን» መካከለኛ ነው ይባላል፣ በእኛ ዓይን ግን አሁንም ቀይ ነው። «ቢያን ኩዊ» የበሰለ። የዳክዬ ደረት («ማግሬ») ሳትጠየቁ መሀሉ ቀላ ብሎ ይመጣል፤ ዶሮ በደንብ ካልበሰለ የማይበላ ቤተሰብ ይህን ሲያይ ይደነግጣልና ቀድማችሁ ንገሩ። «ታርታር» ደግሞ የክትፎ የሩቅ ዘመድ ነው፤ በቢላ የተከተፈ ጥሬ ሥጋ፣ በቀዝቃዛው፣ ቅቤ የለበት። በእነዚህ ቤቶች የሰሊጥ ዘይትና ዝንጅብል ያስገቡበታል፤ ክትፎ ለሚወድ ሰው መግቢያ የሚሆነው እሱ ነው። «የኛ ይበልጣል» ማለታችሁ አይቀርም፣ እኔም ብያለሁ።

«አ ፓርታጄ» የሚል ከተጻፈ ሳህኑ መሀል ተቀምጦ በጋራ የሚበላ ነው። ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ልዩነቱ ከመሀሉ ሳህን በማንኪያ ወደራስ ሳህን ማውጣት ብቻ ነው። ለሁለት ሰው አራት ወይም አምስት ሳህን በቂ ነው፤ አስተናጋጇ የምትሰጣችሁን ቁጥር እመኗት። ልጅ ካለ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ብቻ እንዲያወጡ መጠየቅ ይቻላል።

8. ሲበላ

ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ሹካና ቢላ ነው። ቾፕስቲክ ከመጣ እና ካልቻላችሁ ሹካ ጠይቁ፣ ማንም አይስቅም። ብቻ ሩዙ ላይ አቁማችሁ አትሰኩት፤ ለጃፓኖች የለቅሶ ምልክት ነው።

ዳቦው ሳህን የለውም፣ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ በእጅ እየቆረሱ ነው የሚበላው። ሳህኑ ግርጌ የቀረውን ስጎ በዳቦ መጥረግ በትልልቆቹ ቤቶች ነውር ነው ይላሉ፤ በቢስትሮ ግን ይደረጋል። እንጀራ ላይ ያደገ ሰው ይህን መማር የለበትም። አንድ ጊዜ አክስቴ የኮኮናት ወተቱን መረቅ እስከ ሳህኑ ሥዕል ጠርገውት ሼፉ ከማዕድ ቤቱ መስኮት ሆኖ አይቶ ሌላ ቁራሽ ዳቦ ራሱ ይዞላቸው መጣ።

በልታችሁ ስትጨርሱ ሹካና ቢላውን ጎን ለጎን ሳህኑ ላይ አሳርፉ፤ ካልጨረሳችሁ ለያይታችሁ አስቀምጡ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ወሬ ከጀመራችሁ ሳህኑ ይነሣል። ቡና ከጣፋጩ በኋላ እንጂ አብሮ አይመጣም። ዝርዝሩ ላይ ይርጋጨፌ ወይም ጉጂ የሚል ስም ካያችሁ እዘዙ፤ ስኳር ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ቅመሱት፣ አቆላሉ ከእኛ የቀለለ ስለሆነ ኮምጠጥ ይላል።

9. ሒሳብ

ካልጠየቃችሁ ሒሳብ አይመጣም። ይህ ቸልታ አይደለም፤ እንግዳን «ተነሥ» ማለት ስለሚመስል ነው። «ላዲስዮን፣ ሲል ቩ ፕሌ» በሉ። ለመከፋፈል ከፈለጋችሁ የካርድ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ተናገሩ፤ «እኔ ልክፈል፣ በሞቴ» የሚለው ትግል ለአስተናጋጇ ጠብ ይመስላታልና ከቤት ጨርሳችሁ ውጡ። እኔ «እጄን ልታጠብ» ብዬ ተነሥቼ ባንኮኒው ላይ እከፍላለሁ።

ወረቀቱን አንብቡት። «ሰርቪስ ኮምፕሪ» ማለት የአገልግሎቱ ክፍያ ዋጋው ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ሕጉም እንዲሁ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክሱም ገብቷል፣ ለምግቡ 10 በመቶ፣ ለአልኮሉ 20 በመቶ፤ ተለይቶ የሚታየው ለመረጃ ነው እንጂ አይደመርም። ጉርሻ ግዴታ አይደለም። ደስ ካላችሁ ሁለት ሦስት ዩሮ፣ በጣም ደስ ካላችሁ ከዚያ በላይ በሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ተዉ፤ በካርድ ማሽኑ ላይ የሚመጣውን የመቶኛ ጥያቄ ዜሮ ብሎ ማለፍ አያሳፍርም። ያላዘዛችሁት የጠርሙስ ውሃ መኖሩንም እዚያው እዩ። ለአክስቴ ሁለተኛ ግብዣ ላይ አንድ ጠርሙስ በስሕተት ገብቶ ነበር፤ ጣቴን ስጠቁም ይቅርታ ጠይቀው ሰረዙት።

እራቱ ረዝሞ ከሆነ ሜትሮውን አስቡ። የመጨረሻዎቹ ባቡሮች በአዘቦት ቀን ከሌሊቱ 7፡15 ገደማ፣ ዓርብና ቅዳሜ ምሽት 8፡15 ገደማ በእኛ አቆጣጠር ያበቃሉ።